‹ባለቤቱ ማን ነው?› የእግር ኳስ ክለቦች ስም፣ ባለቤትነትና ውጤት ከሞያሌ ድንበር ሲታይ

፩. መግቢያ

አንድ የእግር ኳስ ክለብ ዋንጫ ሲያነሳ ድሉ የማን ነው? ገንዘቡን ያወጣው ተቋም፣ ስሙን ያዋሰው ከተማ፣ ዝናብና ፀሐይ ሳይበግረው የሚጮኸው ደጋፊ ወይስ ልምምዱን የመራው አሠልጣኝ? ጥያቄው በመጀመሪያ ሲታይ የስፖርት አስተዳደር ወይም የምጣኔ ሀብት ጥያቄ ይመስላል። በአማርኛ ሲጠየቅ ግን የቋንቋ ጥያቄም ይሆናል። ምክንያቱም ‹ባለቤት› የምንለው ቃል የንብረት ጌታን፣ የትዳር ጓደኛን፣ የቤት ኃላፊንና በሰዋስው ትምህርት የዓረፍተ ነገሩን ድርጊት ፈጻሚ በአንድነት የሚይዝ ነው። ‹ቡድኑ አሸነፈ› በሚለው አጭር ዓረፍተ ነገር ባለቤቱ ‹ቡድኑ› መሆኑን ማንኛውም ተማሪ ይመልሳል። የቡድኑ ባለቤት ማን እንደ ሆነ ግን የክለቡ ሥራ አስኪያጅ እንኳ ቶሎ የሚመልሰው አይደለም።

ይህ ጽሑፍ የክለብ ባለቤትነት በውጤት ላይ ያለውን ድርሻ በኢትዮጵያ የእግር ኳስ ታሪክ ይመረምራል፤ የኬንያን ታሪክም ለማነጻጸሪያ ያቀርባል። እንደ ማስረጃ የሚጠቀመው የዋንጫ መዝገብን ብቻ ሳይሆን የክለቦችን ስም ጭምር ነው። ስም ብዙ ጊዜ የባለቤትነት ማኅተም ነውና። የምልከታው ስፍራ ሞያሌ የሆነበትም ምክንያት አለ። ሞያሌ በአንድ ስም የሚጠሩ፣ በሁለት መንግሥታት ሥር ያሉ ሁለት ከተሞች ናት። ከአዲስ አበባም ከናይሮቢም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ በመሆኗ፣ የሁለቱን አገሮች የክለብ ባህል ከዳር ሆኖ ጎን ለጎን ለማየት ታመቻለች። በኢትዮጵያ ክለቦች ጉዳይ የተጠቀሱት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው፤ የኬንያና የሌላው ዓለም ዓመታት ‹እ.ኤ.አ.› የሚል ምልክት ተደርጎባቸዋል።

፪. ‹ባለቤት› በአራት ቋንቋዎች

በሞያሌ ገበያ ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ስዋሂሊና አማርኛ ይሰማሉ፤ ቡርጂኛና እንግሊዝኛም አይታጡም። አራቱ ቋንቋዎች ባለቤትነትን የሚገልጹበት መንገድ ለያዝነው ጉዳይ ብርሃን ይሰጣል።

የአማርኛው ‹ባለ› ከግዕዙ ‹በዓል› የወረደ ሲሆን፣ ጌታን፣ ባለንብረትንና ባልን በሚገልጸው ጥንታዊ የሴም ቋንቋዎች ቃል ዘር ውስጥ ይመደባል። በዚህ ቅጥያ አማርኛ ሰፊ የቃላት ቤተሰብ ሠርቷል፤ ባለቤት፣ ባለይዞታ፣ ባለአደራ፣ ባለድርሻ፣ ባለአክሲዮን፣ ባለሀብት፣ ባለዕዳ። ኦሮምኛ ‹አባ› ይላል፤ ቃሉ አባትንም ባለቤትንም የሚያመለክት ሲሆን፣ ‹አባ መና› ማለት ቃል በቃል ‹የቤት አባት›፣ በተለምዶ ደግሞ ባል ማለት ነው። ሶማልኛ በስም ላይ ‹ሌ› የሚል ድኅረ ቅጥያ ይጨምራል፤ ‹ዱካንሌ› ባለሱቅ ነው። ስዋሂሊም ባለሱቁን ‹ምዌንዬ ዱካ› ይለዋል። ከዚሁ ሥር ‹ዌንዬጂ› የሚል ቃል ወጥቷል፤ ነዋሪዎች ወይም አስተናጋጆች ማለት ሲሆን፣ የስዋሂሊ የስፖርት ዘጋቢዎች በሜዳው የሚጫወተውን ቡድን የሚጠሩበት ነው። በሕግ ፊት ያለውን ባለንብረት ለመግለጽ ግን ስዋሂሊ ከዓረብኛ ሥር የመጣውን ‹ምሚሊኪ› የሚለውን ቃል ይመርጣል።

ከዚህ ንጽጽር ሁለት ነገር እንወስዳለን። አንደኛ፣ በእነዚህ ቋንቋዎች ባለቤትነት ንብረትን ከመያዝ አልፎ ቤትን ከማስተዳደርና ቤተሰብን ከመምራት ጋር የተሳሰረ ነው። ሁለተኛ፣ በአማርኛ ‹ባለቤት አልባ› የሚባለው ሰነድ የሌለው ነገር ብቻ አይደለም፤ ተቆርቋሪ የሌለው ነገርም ጭምር ነው። ‹ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ› የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የሚናገረው ስለ ተቆርቋሪነት ነው። እንግዲህ ‹የክለብ ባለቤት› ስንል ቢያንስ ሦስት ነገሮችን መለየት ይኖርብናል፤ በሕግ የያዘውን፣ በስሙ የሚጠራበትንና በክፉ ቀን የሚቆምለትን። ሦስቱ በአንድ እጅ የሚገኙበት ጊዜ ጥቂት ነው።

፫. ስም እንደ ባለቤትነት መዝገብ

በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተካሄደው የመጀመሪያው የሊግ ውድድር የተሳተፉት ቡድኖች አምስት ነበሩ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያውያን፣ አራራት የአርመኖች፣ ኦሊምፒያኮስ የግሪኮች፣ ፎርቲቱዶ የጣሊያኖች ሲሆኑ፣ አምስተኛው የብሪታንያ ወታደራዊ ልዑክ ቡድን ነበር። ዋንጫውን የወሰደው የልዑኩ ቡድን ነው። በዚያ ዘመን የክለብ ባለቤት ማለት ማኅበረሰብ ማለት ነበር፤ ስሙም ያንኑ ይናገራል።

ቅዱስ ጊዮርጊስ ራሱ የተመሠረተው በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከመሥራቾቹ መካከል አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ በስም ይጠቀሳሉ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ክለቡ ‹ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር› ተብሎ እንዲጠራ ተገደደ፤ በደርግ ዘመንም ለተወሰነ ጊዜ በቢራ ፋብሪካ ስም እንዲጠራ ተደረገ። ሁለቱም ጊዜ ስሙን የለወጠው ሥልጣን የያዘው ኃይል ነበር፤ ደጋፊው ግን በለመደው ስም መጥራቱን አልተወም። የሕግ ባለቤትነትና የልብ ባለቤትነት የተለያዩበት ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ከ1940ዎቹ ጀምሮ የስሞቹ ጠባይ ተለወጠ። የጦር ሠራዊቱ መቻል፣ የቴሌኮሙኒኬሽኑ ቴሌ፣ የድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ፣ ሲሚንቶና ምድር ባቡር ወደ መዝገቡ ገቡ። ከሰሜን ደግሞ ሐማሴን፣ አካለ ጉዛይና አስመራ መጡ። የድሬዳዋው ጥጥ በ1950ዎቹ ውስጥ በተደጋጋሚ ሻምፒዮን መሆኑ፣ ባለቤትነት ከማኅበረሰብ ወደ መሥሪያ ቤትና ወደ ፋብሪካ የተሸጋገረበትን ዘመን ያሳያል። ተጫዋቹ የፋብሪካው ሠራተኛ ነበር፤ ደመወዙንም የሚያገኘው ከዚያው ነበር።

ከአብዮቱ በኋላ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሻምፒዮን ከሆኑት መካከል ‹ትግል ፍሬ› እና ‹እርምጃችን› ይገኙበታል። እነዚህ ስሞች ባለቤቱን አይገልጹም፤ የሚገልጹት የዘመኑን ቃላት ነው። ሌላው የዘመኑ ውርስ ‹ከነማ› ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቋሙ፤ ‹ከተማ፣ ነዋሪዎች፣ ማኅበር› ከሚሉት ሦስት ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት ‹ከነማ› የሚል ምሕጻረ ቃል ወጣ። ማኅበራቱ በዚያ መልካቸው ካለፉ በኋላ ቃሉ በመድኃኒት ቤቶችና በእግር ኳስ ክለቦች ስም ላይ ቀረ። ዛሬ ‹ፋሲል ከነማ› ወይም ‹ባሕር ዳር ከነማ› የሚል ወጣት ምሕጻረ ቃሉን ላይፈታው ይችላል፤ ለእርሱ ‹ከነማ› ማለት ‹የከተማችን ቡድን› ማለት ነው። ምሕጻረ ቃል ትርጉሙ ተረስቶ ሙሉ ቃል መሆኑ ለቋንቋ አጥኚ የታወቀ ሂደት ነው። ልብ የሚባለው፣ የተረሳው ክፍል ‹ነዋሪዎች› እና ‹ማኅበር› መሆኑ ነው። አብዛኞቹ የከተማ ክለቦች የሚንቀሳቀሱት ከከተማ አስተዳደር በሚመደብ በጀት እንጂ ነዋሪው በአባልነት በሚያዋጣው ገንዘብ አይደለም። ስሙ ነዋሪውን ባለቤት ያደርገዋል፤ በጀቱ አስተዳደሩን።

በኬንያ በኩል ያለው ታሪክ ተመሳሳይ ምልክቶች አሉት። እ.ኤ.አ. በ1968 ከሉኦ ዩኒየንና ከሉኦ ስታርስ ውሕደት የተመሠረተው ጎር ማሂያ ስሙን ያገኘው በሉኦ ትውፊት ከሚታወቅ ባለመድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የተመሠረተው የአባሉህያ ክለብ ደግሞ በፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ ዘመን የጎሣ ስም የያዙ ማኅበራት ስማቸውን እንዲለውጡ ሲታዘዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ‹ኤ.ኤፍ.ሲ. ሌፓርድስ› ሆነ። የመጀመሪያው ፊደል ቀድሞ ‹አባሉህያ› ተብሎ ይፈታ ነበር፤ ከትዕዛዙ በኋላ ሦስቱ ፊደላት ‹የእግር ኳስ ተጫዋቾች ሁሉ ኅብረት› የሚል አዲስ ፍቺ ተሰጣቸው። ፊደሉ ሳይነካ ፍቺው ተለወጠ። ‹ሶፋፓካ› የተባለው ሌላው የኬንያ ክለብም ምሕጻረ ቃል ነው፤ በስዋሂሊ ‹ሁላችን እንደ ቤተሰብ በአንድነት ግባችንን ለመምታት› የሚል ሐሳብ ይይዛል። ክለቡን የመሩትና ገንዘብ ያወጡበት ግን በዋናነት አንድ ባለሀብት ናቸው። ከነማና ሶፋፓካ ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ የቆሙ ወንድማማቾች ናቸው፤ ሁለቱም ስማቸው ‹ሁላችን› ይላል፤ ወጪውን የሚሸፍነው ግን ሌላ ነው።

፬. የዋንጫው መዝገብ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በአዲሱ መልኩ ከተጀመረበት ከ1990 ዓ.ም. እስከ 2017 ዓ.ም. ባሉት የውድድር ዘመናት፣ በወረርሽኝ ምክንያት የተቋረጠው የ2012 ውድድር ሲቀነስ፣ 27 ዋንጫዎች ተሰጥተዋል። ከነዚህ 16ቱን የወሰደው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። የቀሩት 11 ዋንጫዎች በባለቤት ዓይነት ሲከፈሉ፣ በመንግሥት ድርጅቶች የተያዙ ክለቦች አራት (መብራት ኃይል በ1990 እና በ1993፣ ንግድ ባንክ በ2016፣ መድን በ2017)፣ በከተማና በአካባቢ ስም የሚጠሩ ክለቦች አምስት (ሐዋሳ በ1996 እና በ1999፣ ጅማ አባ ጅፋር በ2010፣ መቐለ 70 እንደርታ በ2011፣ ፋሲል ከነማ በ2013)፣ ኢትዮጵያ ቡና አንድ (በ2003)፣ ደደቢት አንድ (በ2005) አግኝተዋል።

ይህን ሰንጠረዥ ላይ ላዩን ያየ ሰው ‹ባለቤትነት ወሳኝ ነው› ብሎ ሊደመድም ይችላል። ከማኅበረሰብ ማኅበርነት የተነሳው፣ ሰፊ ደጋፊና የባለሀብቱን የሼህ መሐመድ ሁሴን አል-አሙዲን የረጅም ዘመን ድጋፍ ያገኘው ክለብ ከግማሽ በላይ ዋንጫዎችን ወስዷል። ባለሀብቱ በሳዑዲ ዓረቢያ ታስረው በቆዩባቸው ሁለት የውድድር ዘመናት፣ በ2010 እና በ2011፣ ከ2006 ጀምሮ አራት ጊዜ በተከታታይ የወሰደው ዋንጫ ከእጁ ወጣ። ነገር ግን በጊዜ መገጣጠም ምክንያት አይሆንም። በሁለቱ ዓመታት ሻምፒዮን የሆኑት ጅማና መቐለ አንድ ሌላ የጋራ ነገር ነበራቸው፤ አሠልጣኛቸው ገብረመድኅን ኃይሌ ነበሩ። እኚሁ አሠልጣኝ በ2017 ኢትዮጵያ መድንን ለሻምፒዮንነት አብቅተዋል። በደቡብ ምዕራብ ያለ የከተማ ክለብ፣ በሰሜን ያለ የአካባቢ ክለብና አንድ የመንግሥት የመድን ድርጅት ክለብ፤ ሦስት የተለያዩ ባለቤቶች፣ አንድ አሠልጣኝ፣ ሦስት ዋንጫ። ‹አሸነፈ› ለሚለው ግሥ ባለቤት ስንፈልግ ይህን ማስረጃ ማለፍ አይቻልም።

በሌላ በኩል የባለቤቱ ኃይል ጎልቶ የሚታይባቸው ጊዜያት አሉ። በ2016 የውድድር ዘመን ሦስት ክለቦች በአንድነት ወደ ፕሪሚየር ሊጉ አደጉ፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ሻሸመኔ ከተማና ስሙን በከምባታ ካለው ተራራ ያገኘው ሐምበሪቾ። በዘመኑ መጨረሻ የአገሪቱ ትልቁ ባንክ ክለብ ሻምፒዮን ሆነ፤ ሁለቱ ጓደኞቹ ወደ መጡበት ወረዱ። ሦስቱም በአንድ ደረጃ ተጫውተው፣ በአንድ በር ገብተዋል። የለያያቸው ዋናው ነገር ከኋላቸው የቆመው ካዝና ነው ማለት ማጋነን አይሆንም። በሴቶች እግር ኳስም እንዲሁ ነው። በ2016 መገባደጃ በአዲስ አበባ በተካሄደው የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ የሴቶች ክለቦች ማጣሪያ ፍጻሜ የተገናኙት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክና የኬንያ ፖሊስ ቡሌትስ ነበሩ፤ ባንኩ አሸነፈ። ከድንበሩ ወዲህ ባንክ፣ ከድንበሩ ወዲያ ፖሊስ፤ ሁለቱም ቋሚ ደመወዝ መክፈል የሚችሉ ተቋማት ናቸው። የወንዶቹ የኬንያ ፖሊስ ክለብም እ.ኤ.አ. በ2024/25 ለመጀመሪያ ጊዜ የአገሩን ሊግ አሸንፏል።

የኬንያ ወንዶች ሊግ መዝገብ በጠቅላላው ሲታይ ግን ለገንዘብ ያን ያህል አይገዛም። እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2025 በተጠናቀቁት 13 የውድድር ዘመናት ጎር ማሂያ ዘጠኝ፣ የቢራ ፋብሪካው ተስከር ሦስት፣ ፖሊስ አንድ ዋንጫ ወስደዋል። ጎር ማሂያ የአባላትና የደጋፊዎች ክለብ ነው፤ ዋና ደጋፊው የነበረው የውርርድ ድርጅት ስፖርትፔሳ እ.ኤ.አ. በ2019 ከኬንያ ስፖርት ሲወጣ ደመወዝ መክፈል እስኪያዳግተው ተቸግሯል። ተስከር ግን ከኋላው ትልቅ ድርጅት አለ። ገንዘብ ብቻ ቢወስን ኖሮ ቁጥሩ በተገለበጠ ነበር።

፭. ባለቤትነት በምን መንገድ ይሠራል?

በእንግሊዝ እግር ኳስ ላይ የተደረጉ የምጣኔ ሀብት ጥናቶች፣ በተለይም የስቴፋን ሺማንስኪ ሥራዎች፣ የክለቦች የሊግ ደረጃ በረጅም ጊዜ ከሚከፍሉት የደመወዝ መጠን ጋር በጥብቅ እንደሚሄድ አሳይተዋል። ይህ ማለት ባለቤቱ በቀጥታ አያሸንፍም፤ የሚያሸንፈው ደመወዝ በሚገዛው ችሎታ በኩል ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የክለብ አባላት ከድምፁ ግማሽ በላይ እንዲይዙ የሚያስገድድ ደንብ አላት፤ ሆኖም ባየርን ሙኒክ እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2023 በተከታታይ 11 ጊዜ ሻምፒዮን ከመሆን አላገደውም። እ.ኤ.አ. በ2024 ሰንሰለቱን የበጠሰው ባየር ሌቨርኩሰን ደግሞ በልዩ ሁኔታ በመድኃኒት ኩባንያ የተያዘ ክለብ ነው። የአባላት ባለቤትነት እኩልነትን በራሱ አያመጣም፤ የሚያመጣው ምናልባት ጽናትን ነው።

በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። የውሳኔው ዓላማ በከተማ አስተዳደሮች በጀት ላይ የተጫነውን ሸክም መቀነስ ነበር፤ በሥራ ላይ ማዋሉ ግን ከመወሰኑ የከበደ ሆነ። በ2012 ዓ.ም. ክለቦቹ የፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማኅበርን መሥርተው የውድድሩ ባለአክሲዮኖች ሆኑ፤ የቴሌቪዥን ስርጭት መብትም ከዚያ በኋላ ለሱፐርስፖርት ተሸጠ። በቃላቱ ላይ ትኩረት እናድርግ። ክለቡ የሊጉ ባለአክሲዮን ሆነ፤ የክለቡ ባለቤት ግን በብዙ ቦታ ያው የከተማ ምክር ቤት ወይም የመንግሥት ድርጅት ሆኖ ቀረ። ሊጉ የንግድ ቋንቋ መናገር ሲጀምር ክለቦቹ የበጀት ዓመት ቋንቋ መናገራቸውን ቀጠሉ።

የባለቤትነት ዋናው ተጽዕኖ ከዋንጫው ይልቅ በክለቡ ዕድሜ ላይ ይታያል። ደደቢት በ2005 ሻምፒዮን ነበር፤ ከአዲስ አበባ ወደ መቐለ ተዛውሮ በ2011 ከሊጉ ወረደ። የአሜሪካ ሊጎች ክለብን እንደ ንግድ ፈቃድ ከከተማ ወደ ከተማ የሚያዛውሩበትን ልማድ የሚመስል ነገር በኢትዮጵያ ከታየ ምናልባት ይህ ነው። ቦታውን የለቀቀ ክለብ ደጋፊው ጓዙን ጠቅልሎ አይከተለውም። መብራት ኃይል ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ ወላጅ ድርጅቱ በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፈለ፤ ክለቡም ‹ኢትዮ ኤሌክትሪክ› የሚል ስም ይዞ ከአንዱ ሊግ ወደ ሌላው ሲወርድና ሲወጣ ቆየ። መከላከያ የመንግሥትን ጠንካራ ተቋም ከኋላው ይዞ በ2011 ወረደ፤ ከተመለሰ በኋላ በ2015 የውድድር ዘመን ጥንታዊ ስሙን ‹መቻል›ን አነሳ፤ በቀጣዩ ዓመት ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። ስም መመለሱ ነጥብ አያስገኝም፤ ክለቡ ራሱን ከየት ጀምሮ እንደሚቆጥር ግን ይናገራል።

ተቃራኒው ምሳሌ መቐለ 70 እንደርታ ነው። ሻምፒዮን በሆነ በሁለተኛው ዓመት ጦርነት መጣ፤ የትግራይ ክለቦች ለዓመታት ከሊጉ ውጭ ሆኑ። በ2017 የውድድር ዘመን ሲመለሱ በዚያው ስማቸው ነበር። ሜዳና በጀት ባልነበረበት ዘመን ክለቡን ክለብ አድርጎ ያቆየው ስሙን የራሴ የሚል ሕዝብ መኖሩ ነው። ኢትዮጵያ ቡናም ከነበረበት ‹ቡና ገበያ› የሚል የመሥሪያ ቤት ስም ወጥቶ በደጋፊ ማኅበር የሚታወቅ ክለብ የሆነው በተመሳሳይ ጉልበት ነው። በዚያ ዋንጫው ጥቂት ቢሆንም ‹ባለቤት አልባ› ሆኖ አያውቅም።

፮. የሞያሌ ጥያቄ

ይህ ሁሉ ለሞያሌ ምን ይላታል? ከተማዋ በሁለት አገሮች መካከል ብቻ አልተከፈለችም፤ የኢትዮጵያው ክፍል ራሱ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች አስተዳደሮች መካከል የሚያከራክር ነው። በታኅሣሥ 2013 ዋዜማ፣ ኅዳር መጨረሻ ላይ፣ የጋራ የድንበር አገልግሎት መስጫው ሲመረቅ የጭነት መኪናና የነጋዴ መንገድ ቀለለ። ሆኖም ‹ሞያሌ ከነማ› የሚል ክለብ ቢታሰብ የመጀመሪያው ጥያቄ የሚሆነው ‹ከነማ› ውስጥ የተረሳው ቃል ነው፤ የትኞቹ ነዋሪዎች? በመጋቢት 2010 በከተማዋ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለው በሺዎች የሚቆጠሩ ወደ ኬንያው ሞያሌ ሲሸሹ፣ ‹ነዋሪ› የሚለው ቃል ከአንድ ቀን ወደ ሌላ ቀን ‹ስደተኛ› በሚለው ተተክቷል፤ ሰዎቹ የተሻገሩት ግን በእግር የሚሄዱበትን መንገድ ነበር። በስዋሂሊ ‹ዌንዬጂ› የሚባለው ቡድን ሜዳው የራሱ የሆነ ነው፤ በሞያሌ ሜዳው የማን እንደ ሆነ መመለስ ፖለቲካ ነው።

ከጅማ ስም የሚገኝ አንድ ትምህርት አለ። ‹አባ ጅፋር› የፈረስ ስም ነው፤ የጅፋር ጌታ፣ የጅፋር ባለቤት ማለት ነው። ንጉሡ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ በሥርዓቱ ሰውዬው ከያዘው ነገር ስም ያገኛል እንጂ የያዘው ነገር ከእርሱ ስም አያገኝም። የዘመናችን ክለቦች በተቃራኒው ናቸው፤ ክለቡ በባለቤቱ ስም ይጠራል፤ ባለቤቱ ሲለወጥም ስሙ ይለወጣል። ባለቤቱ ሲያልፍ ክለቡም ተከትሎት የሚያልፈው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። የድንበር ከተማ ቡድን የሚያስፈልገው ምናልባት ባለቤት ከሚለው ቃል ይልቅ ባለአደራ የሚለው ነው፤ ለተወሰነ ጊዜ ይዞ፣ ጠብቆ ለሚቀጥለው የሚያስረክብ። ‹ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለ ዕዳ አይቀበለውም› ይባላል፤ የከተማ አስተዳደር በዓመት መጨረሻ እንደ ተረፈ በጀት የሚቆጥረውን ክለብ ተጫዋቹም፣ ደጋፊውም፣ ስፖንሰሩም በዚያው ሚዛን ይመዝነዋል።

፯. ማጠቃለያ

የክለብ ባለቤትነት በውጤት ላይ ተጽዕኖ አለው፤ ነገር ግን ተጽዕኖው እንደሚታሰበው ቀጥተኛ አይደለም። በአንድ ወይም በሁለት የውድድር ዘመን ሲለካ ካዝናው ያለው ተቋም ብልጫ አለው፤ የ2016ቱ የንግድ ባንክ፣ የሐምበሪቾና የሻሸመኔ ዕጣ ይህን ያሳያል። አንድ ጥሩ አሠልጣኝ ግን በሦስት የተለያዩ ባለቤቶች ሥር ሦስት ጊዜ ማሸነፍ ችሏል። በአሥርተ ዓመታት ሲለካ ደግሞ በሁለቱም አገሮች በዋንጫ ብዛት የሚመሩት ቅዱስ ጊዮርጊስና ጎር ማሂያ፣ ከማኅበረሰብ የተነሱና ስማቸውን ከማኅበረሰብ ያገኙ ክለቦች ናቸው። ሁለቱም ስፖንሰር ለውጠዋል፤ አንደኛው ስሙን እስከ መቀማት ደርሷል። የጸናው ክፍል ስሙን የጠራው ሕዝብ ነው።

ለቋንቋ አጥኚዎች የሚቀረው ሥራ ከዚህ ይነሳል። የክለቦች ስም፣ ማኅተም፣ የቃለ ጉባኤ ቋንቋና የደጋፊዎች አጠራር በወጉ አልተሰበሰቡም፤ ባለቤት በተለወጠ ቁጥር ሰነዱም ይጠፋል። በተለይ እንደ ሞያሌ ባሉ ከተሞች አንድ የሠፈር ቡድን በኦሮምኛ ተመሥርቶ፣ በአማርኛ ተመዝግቦ፣ በስዋሂሊ ሊደገፍ ይችላል። የቡድኑ ባለቤት ማን እንደ ሆነ ከእነዚህ ሦስት ቋንቋዎች የሚሰጡት መልስ አንድ ላይሆን ይችላል። መልሶቹን ጎን ለጎን መዝግቦ ማቆየት፣ ስለ ድንበሩ ሕዝብ የባለቤትነት አስተሳሰብ ከብዙ የሕግ ሰነድ የበለጠ ይነግረናል።